ከዓይን ስር ያለ ጥቁረትን ለመቀነስ፦ ከመስታወት ፈተና እስከ 12ኛው ሳምንት

ከዓይኑ ስር የጠቆረበት ሰው መሳቢያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ግማሹ ያላለቀ ክሬም አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ተቀብቶት፣ ለውጥ ሲያጣ ትቶታል። ክሬሙ የግድ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ወይ ለሌላ ዓይነት ጥቁረት የተሠራ ነው፣ ወይ በቂ ጊዜ አላገኘም፣ ወይ ደግሞ ክሬሙ የሠራውን ባለቤቱ ራሱ ዓይኑን እያሸ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ ምንም ነገር አትግዙ። ክሬሙ ከተጀመረ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንደሚፈጅም ከአሁኑ ልባችሁ ይወቀው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ እነዚህ ካሉ ቀጥታ ወደ ሐኪም

- ጥቁረቱ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነና በድንገት ከመጣ።
- እብጠት፣ ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ ለውጥ አብሮ ካለ።
- ጭንቅላታችሁ ከተመታ በኋላ ሁለቱም ዓይኖች ዙሪያ ከበለዘ። ይህ የራስ ቅል መሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። አታሳድሩት።
- ሕፃን ልጅ ሳይመታና ሳይወድቅ ዓይኑ ዙሪያ የበለዘ ከመሰለ።
- ጠዋት ጠዋት ፊታችሁ ሁሉ የሚያብጥ፣ እግራችሁም የሚያብጥ ከሆነ። ኩላሊት መታየት አለበት።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ጥቁረቱ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው ቀለም ነው፤ ቆዳው ውስጥ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በዝቷል። ሁለተኛው ደም ነው፤ የዓይን አካባቢ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ስለሆነ ከሥሩ ያሉት የደም ስሮች ያሳያሉ። ሦስተኛው ጥላ ነው፤ በዓይንና በጉንጭ መካከል ያለው ቦታ ሲጎደጉድ ወይም በላዩ ያለው ሲያብጥ፣ ቆዳው ሳይጠቁር የጠቆረ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ይቀላቀላሉ። ቢሆንም አንዱ ይበረታል፤ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ዝግጅት፦ ሜካፕና ኩል ሙሉ በሙሉ ይታጠብ። ከእንቅልፍ ከተነሣችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ፤ የጠዋት እብጠት ውጤቱን ያዛባል። የእጅ መስታወት ይዛችሁ በቀን ብርሃን መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ። የመታጠቢያ ቤት መስታወት ለዚህ አይሆንም፤ ከጣራ የሚወርድ መብራት ጥላ ይፈጥራል።

1. የብርሃን ፈተና። መስታወቱን በዓይናችሁ ልክ ይዛችሁ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ በቀጥታ ይረፍ። ጥቁረቱ በጣም ከቀነሰ ወይም ከጠፋ፣ ከጣራ መብራት ስር ስትቆሙ ደግሞ ከተመለሰ፣ ጥላ ነው።

2. የመሳብ ፈተና። በቀለበት ጣታችሁ ከዓይን ስር ያለውን ቆዳ በቀስታ ወደ ጉንጭ ሳቡት። ጥቁረቱ መልኩን ሳይቀይር ከቆዳው ጋር አብሮ ከወረደ፣ ቀለም ነው። ቆዳው ሲሳሳ ይበልጥ ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ካደላ፣ ደም ነው።

3. የመጫን ፈተና። የጣት ጫፍ ለ3 ሰከንድ ያህል አሳርፉና አንሡ። ለአፍታ ደብዝዞ ከተመለሰ፣ ደም ነው። ዓይን ኳስ ላይ ሳይሆን ከታች ባለው አጥንት ላይ ጫኑ።

ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ በመልኩ ብቻ አትፍረዱ። የደም ስር ጥቁረት ጠይም ቆዳ ላይ ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ሊመስል ስለሚችል የመሳብ ፈተናውን እመኑ። የላይኛው የዓይን ቆብም አብሮ ከጠቆረ ደግሞ ቀለም የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል።

ፈተናዎቹ ከተጋጩ በሌላ ቀን ድገሙት። አሁንም ግልጽ ካልሆነ ቅልቅል ነው ብላችሁ ያዙትና እንደ ቀለም ዓይነት ጀምሩ።

አሁን ፎቶ አንሡ። ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ፣ የስልኩ ማሳመሪያ ፊልተር ጠፍቶ። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ «ምንም አልተለወጠም» ሲል ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደሆነ አያውቅም። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ዓይን ቀስ እያለ የመጣ ለውጥ አያይም።

ደረጃ 2፦ የሚያጠቁረውን ነገር አስቁሙ (2 ሳምንት)

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አዲስ ክሬም የለም። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ማሸት ይቁም

በተደጋጋሚ የሚታሽ ቆዳ ይቆጣል፤ የተቆጣ ቆዳ፣ በተለይ ጠይምና ጥቁር ከሆነ፣ ሜላኒን ያመርታል። ጥቁረቱ የሚቀረውም ማሳከኩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «አላሽም» ብሎ መወሰን ብቻ አይበቃም። ለምን እንደምታሹ ፈልጉ።

የሚያሳክካችሁ ከሆነና አፍንጫችሁም የሚዘጋ፣ የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ፣ አለርጂ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አፍንጫ ሲታፈን ከዓይን ስር ያሉት ደም መላሾች በደንብ አይፈሱም፤ ደሙ ይከማቻል፣ ከላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ከሆነ አለርጂው ሳይታከም የዓይን ክሬም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለአለርጂ የሚሆን ክኒን ወይም የዓይን ጠብታ ፋርማሲስት ጠይቁ። አንዳንዱ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ መኪና የምትነዱ ከሆነ ተናገሩ።

በሥራ ቀን መሃል ማሳከኩ ሲነሣ፦ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ላዩ ላይ አሳርፉት። አትሹበት። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ተኝታችሁ የምታሹ ከሆነ፦ ጥፍር አሳጥሩ፣ የአለርጂ መድኃኒቱ የማታ ይሁን፣ የትራስ ልብሱም በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ።

ሜካፕ የምታስለቅቁበትን መንገድ ቀይሩ

ብዙ ሴቶች «እኔ ዓይኔን አላሽም» ይላሉ፤ ማታ ማታ ግን ማስካራ ሲያስለቅቁ ከዚያ የባሰ ያሻሉ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ጥጡን በማስለቀቂያው በደንብ አርሱት። ደረቅ ጥጥ ቆዳ ይፍቃል።
2. የተጨፈነ ዓይን ላይ አሳርፋችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። እጃችሁ አይንቀሳቀስ።
3. ከዚያ አንዴ ብቻ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ።
4. የቀረ ካለ አዲስ ጥጥ ነክራችሁ ድገሙ። በዚያው ጥጥ ወዲያና ወዲህ አትፈግፍጉ።
5. ፊታችሁን ታጠቡና ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ።

ሁለቴ ከተጠረገ በኋላም የማይለቅ ማስካራ ካለ፣ ማስለቀቂያው ዘይት ያለው ዓይነት መሆን አለበት። ውኃ የማይለቀው ማስካራ በውኃና በሳሙና አይለቅም፤ የሚለቅ የሚመስለው በጉልበት ነው።

ያልጠረጠራችሁት ነገር

የዓይን አካባቢ ቆዳ ሌላ ቦታ ላይ በተቀባ ነገርም ሊቆጣ ይችላል። የጥፍር ቀለም ጣት ላይ ምንም ሳያደርግ፣ ዓይን በነካ ቁጥር የዓይን ቆብን ሊያስቆጣ ይችላል። የሽፋሽፍት ማጣበቂያ፣ የፀጉር ቀለም፣ ሽቶ ያለው የፊት ክሬም እንዲሁ። ቆዳው የሚያሳክክ፣ የሚሻክርና የሚላጥ ከሆነ ሁሉንም ለሁለት ሳምንት አቁሙና አንድ በአንድ መልሱ።

ለግላኮማ (ለዓይን ግፊት በሽታ) የሚታዘዙ አንዳንድ የዓይን ጠብታዎችም፣ ለምሳሌ ላታኖፕሮስትና ቢማቶፕሮስት፣ የዓይን ዙሪያን ሊያጠቁሩ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ግላኮማ ዓይን ያጠፋል። ከዓይን ውጭ የፈሰሰውን ጠብታ ወዲያው ጥረጉና ለሐኪሙ ንገሩት።

እንቅልፍ፣ ጨው፣ ደም

እንቅልፍ ያጣ ፊት ይገረጣል፤ ሲገረጣ የደም ስሩ ይጎላል። ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። ግን በቀለም ወይም በጥላ የመጣውን እንቅልፍ አያጠፋውም፤ «ተኛ ይለቅሃል» የሚለውን ምክር ለሁሉም አትቀበሉ። ጠዋት የሚያብጣችሁ ከሆነ ማታ ጨው ቀንሱና ትራስ ጨምራችሁ ከራስጌ ከፍ ብላችሁ ተኙ።

ድካም፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ብዙ የወር አበባ ደም ካለ ደም ማነስ ተመርመሩ። ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ) ይታዘዝላችሁ። ሳትመረመሩ የብረት ክኒን አትውሰዱ፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ደረጃ 3፦ ሰንስክሪን

በተለይ ቀለም ከሆነ፣ ያለ ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ክሬም) የሚቀጥለው ደረጃ ዋጋ የለውም። ማታ ክሬሙ የቀነሰውን ሜላኒን ቀን ፀሐይ መልሳ ታመጣዋለች።

ምን ዓይነት፦ ኤስፒኤፍ (ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የፀሐይ መከላከያ መጠን) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከአልትራቫዮሌት ኤም ቢም የሚከላከል። ለዓይን አካባቢ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ይሻላል፤ ብዙም አይቆጠቁጥም። ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ነጭ የሚል ከሆነ ቀለም ያለውን ዓይነት ምረጡ። ይሄ ለመልክ ብቻ አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል፤ እሱም ጠቆር ያለ ቆዳን ያጠቁራል።

አቀባብ፦ ጠዋት፣ ከሌላው ክሬም ሁሉ በኋላ፣ በቀለበት ጣት መታ መታ እያደረጋችሁ። ወደ ሽፋሽፍቱ አትጠጉ። ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት። ከአልትራቫዮሌት የሚከላከል ሰፊ የፀሐይ መነጽርም አድርጉ።

ዓይን ከገባና ካቃጠለ፦ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ አትሹ። በተደጋጋሚ የሚሆን ከሆነ በፈሳሹ ፈንታ እንደ ሊፕስቲክ የሚቀባውን ደረቅ ዓይነት ሞክሩ፤ በላብ ቶሎ አይወርድም።

ደረጃ 4፦ ክሬም፣ እንደየዓይነቱ

መጀመሪያ ሙከራ

ማንኛውም አዲስ ክሬም ፊት ላይ ከመውጣቱ በፊት የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀባ። ካላሳከከና ካልቀላ ይቀጥላል። አንድ ሌሊት ብቻ የሞከረ አልሞከረም፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው።

ቀለም ከሆነ

በናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ጀምሩ። 4 ወይም 5 በመቶ ያለው ይበቃል፤ 10 በመቶ የተሻለ አይደለም፣ የሚያስቆጣበት ዕድል ብቻ ይጨምራል። ቫይታሚን ሲም ይሠራል፤ ግን ይቆጠቁጣል፣ ቶሎም ይበላሻል። ወደ ቡናማ ከተለወጠ ጣሉት። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጀምሩ። ቢያስቆጣችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

አራት ሳምንት ያለ ችግር ካለፈ ማታ ማታ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) መጨመር ይቻላል።

ደም ከሆነ

ካፌይን ያለው የዓይን ክሬም የደም ስሮችን ያጠብባል። ለሰዓታት ነው እንጂ ለዘለቄታ አይደለም፤ ጠዋት ተቀቡት። ለዘለቄታው ቆዳውን የሚያጠነክረው ሬቲኖል ነው፣ እሱም በወራት።

ጥላ ከሆነ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጉድጓድ የሚሞላ ክሬም የለም። ማርጠቢያ ክሬም ጥቃቅን መጨማደዱን ያለሰልሳል፣ ያ ብቻ ነው። ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

ሬቲኖል ሲጀመር

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለመጸነስ ያሰበች ወይም የምታጠባ አትጠቀም። ሌሎቻችሁ ለዓይን አካባቢ የተሠራውን፣ መጠኑ አነስተኛ የሆነውን ግዙና እንዲህ ቀጥሉ፦

1. ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ይበልጥ ያቃጥላል።
2. መጀመሪያ ሽታ የሌለው ማርጠቢያ ክሬም ቀቡ።
3. ለሁለቱም ዓይን አንድ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ አውጡ።
4. ከዓይን ስር ያለውን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ። ክሬሙ የሚያርፈው አጥንቱ ላይ ነው። ከዚያ በላይ አትውጡ፤ ሌሊት ራሱ ወደ ላይ ይሳባል።
5. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሳምንት 2 ማታ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሳምንታት 3 ማታ። ከዚያ ቆዳው ከቻለ ማታ አልፎ ማታ።

ትንሽ መድረቅ የሚጠበቅ ነው። መለብለብ፣ መቅላት፣ ማበጥ ግን አይደለም።

ቆዳው ከተቆጣ፦ ሁሉንም ክሬም፣ ቫይታሚን ሲውንም ናያሲናማይዱንም፣ አቁሙ። በውኃ ብቻ ታጠቡ። ጠዋትና ማታ ስስ ቫዝሊን አድርጉ። ሲረጋጋ አንድ ሳምንት ጨምሩና በሳምንት 1 ማታ ጀምሩ። በሳምንት ውስጥ ካልተረጋጋ ወይም የዓይን ቆብ ካበጠ ሐኪም ይየው። «እስኪለምደው ልቻለው» አትበሉ። የተቆጣ ቆዳ ከጀመራችሁበት የባሰ ይጠቁራል።

እነዚህን አትንኩ

- ሎሚ። አሲድ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳውም ጥቁር ነው።
- የጥርስ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ። ማስቆጣት እንጂ ማጥራት የላቸውም።
- ስቴሮይድ ያለበት «ማቅያ»። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታዞን የሚል ካለበት አስቀምጡት። መጀመሪያ ያጠራል፤ ከዚያ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ስር ያወጣል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊትና ሞራ ሊያመጣ ይችላል።
- ሜርኩሪ ያለበት። ካሎሜል ወይም መርኩረስ ክሎራይድ ተብሎም ይጻፋል። ኩላሊት ይጎዳል። የይዘት ዝርዝር ጨርሶ የሌለውን ማሸጊያም አትመኑ።
- ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ራሱ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ጉዳት ያመጣል።

ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ አንዱን ለወራት ስትቀቡ ከነበረ ለቆዳ ሐኪም ንገሩ። በተለይ ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ፊት ሊቀላና ሽፍ ሊል ስለሚችል እንዴት እንደሚቆም ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ እስከዚያው ድረስ መሸፈን

መሸፈን ሽንፈት አይደለም፤ ለጥላ ዓይነት እንዲያውም ዋናው መፍትሔ ነው። የተለመደው ስሕተት ከፊት ቀለም በጣም የነጣ ኮንሲለር (መሸፈኛ ሜካፕ) በብዛት መቀባት ነው። ጥቁረቱ ላይ ነጭ ሲደረብ አመድ ይመስላል።

መጀመሪያ ማስተካከያ ቀለም ያስፈልጋል፤ ለቀላ ያለ ፊት የኮክ መልክ ያለው፣ ለጠይምና ለጥቁር ብርቱካናማ። በጣም በስሱ፣ የጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ፣ በጣት ጫፍ መታ መታ። ከዚያ የፊታችሁን መልክ የሚመስል ኮንሲለር በላዩ። ከሰዓት በኋላ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ በዝቷል ወይም ከሥሩ ማርጠቢያ የለም። ማታ ሲለቅ ደረጃ 2 ላይ ባለው መንገድ።

ደረጃ 6፦ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ፎቶ

ሳምንቱን ቁጠሩ ክሬሙን ከጀመራችሁበት ቀን። በ4ኛው ሳምንት ብዙ አትጠብቁ፤ የሚታየው ቆዳው አለመቆጣቱ ብቻ ነው። በ8ኛው ትንሽ ለውጥ ካለ በያዛችሁት ቀጥሉ፣ መጠን አትጨምሩ። በ12ኛው ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ለውጥ ካለ ሰንስክሪኑ አይቋረጥም፤ ሌላውን መቀነስ ትችላላችሁ። ምንም ከሌለ ሌላ ክሬም አትግዙ። መጀመሪያ ደረጃ 1ን ድገሙ፤ ቀለም ነው ብላችሁ የያዛችሁት ጥላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ የቆዳ ሐኪም።

ሐኪም ጋ ሲኬድ

አራቱን ፎቶዎች (የመጀመሪያውንም ጨምሮ)፣ የተቀባችሁትን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና የዓይን ጠብታ ይዛችሁ ሂዱ። ሌዘር ወይም ቆዳን በኬሚካል መላጥ ከታዘዘላችሁ «እንደኔ ባለ ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ከዚያ በኋላ የጠቆረ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ከሌዘር በኋላ ሊብስበት ይችላል።

ለጉድጓዱ ፊለር (መሙያ) መርፌ ከተባለ፣ ዓይን አጠገብ ያለ የደም ስር ውስጥ ከገባ እይታ ሊያጠፋ የሚችል ሥራ መሆኑን ዕወቁ። የሚወጋው ሐኪም ነው ወይ? የሚጠቀመው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው ወይ? እሱን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው መድኃኒት እዚያው ክፍል ውስጥ አለ ወይ? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም»፣ «የለም» ወይም «አያስፈልግም» ከሆነ፣ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ።